ካሴቷ ቆርቆሮ ቤት፣ መሣሪያው ማቀዝቀዣ ሥር

መተማ ዮሐንስ፣ ሰኔ ወር

ለተከበሩ አቶ እንዳልካቸው
የቆላ ድምፆች ቅርስ ማዕከል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ስለ ውዱ የድምፅ መቀየሪያዎና ስለ አንዲት ካሴት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ባልደረቦችዎ በሙሉ ጤና እንድትሆኑ ምኞቴ ነው። ከዚያም ቀጥሎ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይታመም እጸልያለሁ፤ በዚህ ቆላ ከፍጡር ሁሉ ተመርጦ ብርድ የደረሰው መሣሪያዎ በእሱ ጥላ ሥር እንደሚኖር አውቃለሁና። እኔ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ ስለ እኔ አይጨነቁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ ቀደም በእጄ ያመጣኋቸውን ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ በሚያምር ማኅተም ተቀብሎልኛል፤ ማኅተሙ ዛሬም ያምራል። መልስ ግን ስላልመጣ፣ አገሩ ሁሉ ቢያነበውና አንዱ መንገደኛ በወሬ መካከል ቢነግርዎት ይቀልል ይሆናል ብዬ አንዱን ቅጂ ለጋዜጣ ላክሁ፤ ሌላውን ደግሞ ጉምሩኩ መንገድ ላይ በሚገኘው የዑበይዳ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መስታወት ላይ ለጠፍሁ። እዚያ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።

እኔ ሰጠኝ እባላለሁ። ከዚህ በማትርቀው ኮኪት ተወልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ተምሬ፣ እዚሁ መተማ ዮሐንስ ስለ ሞገድና ስለ ድምፅ ሳስተምር ጠጉሬ ሸበተ። ይህን የምጠቅሰው ለመመጻደቅ አይደለም። መሣሪያው በተመረቀ ዕለት ባሰሙት ንግግር «ይህ ነገር ለተራ ሰው አይገባውም» ብለው ስለነበር፣ ተራ ሰው ብሆንም ጥቂት እንደገባኝ ለማሳወቅ ያህል ነው።

ከሩቅ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ግራ እንዳይጋባ፣ ካሴት ለእኛ ምን እንደነበረ አስቀድሜ ልናገር። ስልክ በየኪሱ ሳይገባ በፊት ለሥራ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ የተሻገረ ልጅ ደብዳቤ አይጽፍም ነበር፤ ይቀዳ ነበር። ገበያ ወርዶ ዘፈን ያለበት የሱዳን ካሴት ይገዛል። እንዳይቀዳበት ተብሎ የተሰበረውን የካሴቱን ጥርስ በወረቀት ይደፍናል። ከዚያ ቴፕ ያለውን ሰው ይለምንና፣ ጓደኞቹ አጠገቡ እያሳሉና ሻይ እየጠጡ፣ ሰላምታውን በዘፈኑ ላይ ይቀዳል። ካሴቱም በሎሪ ሾፌር እጅ ድንበሩን፣ ጋላባትን ተሻግሮ ይመጣል፤ ቤተሰብ ጎረቤቱን ሰብስቦ ያዳምጣል። ሥርዓቱ የታወቀ ነበር። አስቀድሞ ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ከዚያ ጓደኛ በየስማቸው ሰላም ይባላሉ፤ እናት የመጨረሻ ናት። መጨረሻ የሆነችው ተንቃ አይደለም፤ እሷን ከጠራ በኋላ ድምፁ አልታዘዝ ስለሚለው ነው። ሰላምታው ሲያልቅ የተቋረጠው ዘፈን ከመሃሉ ይቀጥላል።

እማማ አሰበች ኮኪት ውስጥ እንዲህ ያለች አንዲት ካሴት ነበረቻቸው። የላከላቸው አንድ ልጃቸው ውባንተ ነው። ውባንተ የእኔ እኩያ ነበር፤ በአንድ ማሳ ሰሊጥ አርመናል፤ በአንድ ቀን ተገርፈናል። እኔ ለትምህርት ወደ ደጋው ስወጣ እሱ ለሥራ ወደ ማዶ ተሻገረ። ካሴቷ መጣች፤ ከእሷ በኋላ ግን ከውባንተ ምንም አልመጣም። እናቱ ካሴቷን በደረቅ ቅል ውስጥ ከተው፣ ውኃ ከሚቀዘቅዝበት የሸክላ ጋን፣ እኛ ዚር ከምንለው፣ አጠገብ አንጠልጥለው አኖሯት፤ በዚያ ቤት ከዚሩ ጎን የተሻለ ቀዝቃዛ ቦታ አልነበረምና። ቴፓቸው ተበላሽቶ እስኪቀር ድረስም የሚያዳምጡት የመጨረሻዋን ሰላምታ፣ የራሳቸውን፣ ብቻ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ በእስክሪብቶ ወደ ኋላ አጠንጥነው እዚያችው ሰላምታ አፋፍ ላይ ያቆሟታል። ይህችን ልማድ ያስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ከተመለሱት ሰዎች አንዱ ኮኪት ድረስ መጥቶ መርዶውን ነገረ። ውባንተ ገዳሪፍ አጠገብ በአንድ እርሻ ላይ ታሞ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰውዬው ራሱ ቆሞ ቀብሮታል። እማማ አሰበች ያን ሁሉ ዘመን «ሬሳ ያላየሁበትን አላለቅስም» ብለው እርማቸውን አላወጡም ነበር። አሁን ቁርጡን ሲያውቁ፣ ክረምቱ ሳይገባና ሰው ወደ አረም ሳይበተን፣ በግንቦት ለቅሶ ሊቀመጡ ወሰኑ። ሬሳ የለ፣ ልብስ የለ፣ ፎቶ የለ፤ እንግዲያስ ድምፁ ይሰማልኝ አሉ። ያኔ ጥር ነበር። በዚያው ሰሞን የማዕከልዎ መኪና በድምፅ ማጉያ «የቆዩ ካሴቶቻችሁን አምጡ፤ በዓለም አቀፍ ጥራት ወደ ዲጂታል እንቀይራለን» እያለ ኮኪትን ዞረ። እማማ አሰበችም ካሴቷን ከቅሉ አውጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ መኪና ተሳፍረው ራሳቸው አመጡልዎ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮ ተራ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ከልምድ ተምሬያለሁ።

፩ኛ. ስለ መሣሪያው ግዢ አመሰግናለሁ። የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች በድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዲማሩ ካደረገው የበጀት እጥረት መካከል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ፊቱ ከብር የተሠራ የሚመስል የድምፅ መቀየሪያ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ማግኘትዎ ቀላል ጥበብ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ መሣሪያው የተናገሩትን አንድ ነገር በትሕትና ማረም ግድ ይለኛል። «ድምፁን ከመጀመሪያው በላይ ያጠራዋል» ብለዋል። አያጠራውም። የመቀየሪያ ሥራ አንድ ነው፤ ከቴፑ በሽቦ የሚመጣውን የድምፅ ሞገድ በየቅጽበቱ እየለካ ቁጥር ያደርገዋል። ርካሹም ውዱም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ውዱ የሚለካው በጣም አድቅቆ ነው፤ የሌሊት ወፍ እንጂ ሰው የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ሳይቀር ይይዛል። ግን በሰው ቴፕ፣ በሱዳን ዘፈን ላይ፣ ሻይ እየተጠጣ የተቀዳ ካሴት እንኳንስ የሌሊት ወፍ የምትሰማው፣ ሰው ከሚሰማውም ብዙው የለበትም። ርካሹ መቀየሪያ በካሴቱ ውስጥ ያለውን በሙሉ ይዞ ገና ትርፍ ቦታ ይቀረዋል። ሰሊጥ ከነአፈሩ በወርቅ ሚዛን ቢመዘን አፈሩም በወርቅ ልክ ይመዘናል እንጂ አይበጠርም፤ ይህን ኮኪት ውስጥ ሰሊጥ ሸጦ የማያውቅ ሰው ካለ እሱ ብቻ ነው የማያውቀው።

ለእውነት ያህል፣ መሣሪያውን መጥፎ ነው አልልም። በጥሩ ስቱዲዮ፣ በጥሩ ማይክሮፎን፣ ጆሮው በሠለጠነ ሰው እጅ ቢገባ ምናልባት ዋጋውን ያወጣ ይሆናል። እዚያም ቢሆን ከመካከለኛው አንድ ሁለት እርከን በላይ የተከፈለው ገንዘብ ለጆሮ ሳይሆን ለዓይን የተከፈለ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። እኛ ዘንድ ግን ለዓይንም ቢሆን ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ ክፍሉ ተቆልፎ ስለሚውል የሚያየው የለም።

፪ኛ. በየካቲት ወር ቢሮዎ ድረስ መጥቼ የለመንኩትን ንጽጽር ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት የራሴን ንጹሕ ቴፕና አንድ ደህና የሠርግ ካሴት ይዤ ነበር። ከዑበይዳ ሱቅ የገዛኋትን፣ አውራ ጣት የምታክል፣ ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ሥጋ የማይርቅ መቀየሪያም ጨምሬ መጣሁ። አንዱን ዘፈን በሁለቱም ቀዳን። የሁለቱን ቅጂ የድምፅ ከፍታ እኩል አደረግሁ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ይህ ካልተደረገ ንጽጽር አይባልም። ከዚያም የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሳይነገራችሁ አዳመጣችሁ። የባልደረቦችዎ መልስ ሳንቲም ተወርውሮ ከሚገኘው አልተለየም። መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያዎ ወይዘሪት ብሌን «እኔ ልዩነት የሰማሁት ማቀዝቀዣው ሲጠፋ ብቻ ነው» ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ እርስዎም ስቀዋል። እርስዎ ግን በምርጫዎ አላመነቱም። ዓይንዎን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ «ይኼ ነው! ጥልቀት አለው እኮ፤ የከበሮው ቆዳ ይታየኛል!» አሉ።

የታየዎት የከበሮ ቆዳ የዑበይዳ ነበር። ይህን ስነግርዎ «ቢሆንም የዋጋው ልዩነት የትም አይሄድም» አሉኝ። በዚህ አንድ ነጥብ ፍጹም ተስማምተናል። ዑበይዳ በበኩሉ ነገሩን ስነግረው «ያ ኡስታዝ፣ መምህር፣ እንግዲያስ ዋጋዋን ልጨምርባት እንዴ?» ብሎኛል፤ የእርስዎን ምክር ይጠብቃል።

፫ኛ. ስለ ብርዱ አመሰግናለሁ፤ ብርዱ ለሚገባው ብቻ ስለሚታደል ነው። ያን ዕለት ከቢሮዎ ስወጣ፣ ከሕዝብ የተሰበሰቡት ካሴቶች በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ጓሮ ባለው የቆርቆሮ ኮንቴይነር ውስጥ መቀመጣቸውን አየሁ። የመተማ መጋቢትና ሚያዝያ እየመጣ ነበር፤ ወፍ እንኳ ቆርቆሮ ላይ የማታርፍበት ወራት ነው። ተመልሼ ገብቼ ሁለት ነገር ለመንኩዎ። አንደኛ፣ ካሴቶቹ ከመሣሪያው ጋር ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይግቡ። ሁለተኛ፣ ከመቀመጣቸው በፊት እያንዳንዳቸው እስከ ዳር ድረስ ይጠንጠኑ፤ ምክንያቱም መሃል ላይ የቆመ ካሴት በአፉ በኩል የተጋለጠችውን የክር ቁራጭ ለሙቀትና ለአቧራ አሳልፎ ይሰጣል። እርስዎም ሻይ አዘዙልኝ፤ አቀራረብዎም የሚመሰገን ነበር። ክፍሉ የተፈቀደው ለመሣሪያው ብቻ እንደሆነ፣ ካሴቶቹ አቧራ ይዘው እንደሚገቡና መሣሪያው አቧራ እንደማይወድ አስረዱኝ። እውነት ነው፤ አይወድም። ሻዩን ጠጥቼ ሄድሁ።

የእማማ አሰበች ዚር ያለ መብራትና ያለ በጀት የጠበቃትን ካሴት፣ ማዕከልዎ ከጥር እስከ ግንቦት ሊጠብቃት አልቻለም።

፬ኛ. ካሴቶቹ ስለተጫወቱበት ቴፕ። ለመቀየሪያው ጨረታ ወጣ፤ ለቴፑ ግን ከመጋዘን አንድ አሮጌ ተፈልጎ ተገኘ። የጎማ ቀበቶው ረግቧል፤ ክሩን በሚያነበው ብረት ላይ የስንት ካሴት እድፍ ተጋግሯል። ለመጥረጊያ የሚሆን ጥጥና አልኮል ፋርማሲ ይሸጣል። ሌላ የምለው የለኝም።

፭ኛ. ስለ ለቅሶው።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን በሚገባው ቃል ማቅረብ ስለሚያቅተኝ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ብሌን የተቀዳውን ድምፅ በፍላሽ አድርጋ በለቅሶው ዕለት ጧት አደረሰችልን። እሷን አልወቅሳትም፤ በተሰጣት ነገር ሠርታለች። ኮኪት፣ እማማ አሰበች ደጃፍ ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ፍላሹን ከተከራየነው ድምፅ ማጉያ ጋር የሰካሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ ለማዳመጥ ጊዜ አልነበረም፤ ሰው ተቀምጧል፤ አልቃሿ ቆማ ትጠብቃለች።

በመጀመሪያ ሹሹታ መጣ። እጅግ ጥርት ያለ ሹሹታ ነበር፤ መሣሪያዎ ቅንጣት እንኳ አላስቀረም። ከዚያ የሰው ድምፅ ተከተለ። ቀበቶው የረገበ ቴፕ ክሩን ቀስ አድርጎ ይስባል፤ ቀስ ተብሎ የተሳበ ድምፅ ደግሞ ይወፍራል፣ ይጎተታል። ጢሙ በቅጡ ሳይበቅል የሄደው ውባንተ፣ ጉሮሮው የከበደና በየቃሉ የሚያርፍ ሽማግሌ ሆኖ ተናገረ። ከወንዶቹ ወገን አንዱ «ይኼ ሽማግሌ ደግሞ ማነው? ካሴት ተሳስታችሁ እንዳይሆን!» አለ። አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ በንዴት የምገባበት ጠፍቶኝ ሽቦውን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ።

እማማ አሰበች ግን እጃቸውን አነሡ። «ተው! አትንካው። ውባንተ ነው፤ አርጅቶ ነው እንጂ» አሉ።

እጄን ሰበሰብሁ። ውባንተም ቀጠለ። ሽማግሌዎቹን በየስማቸው እየጠራ ሰላም አለ። የጠራቸው ሁሉ ሞተዋል። አንድ ስም በጠራ ቁጥር ድንኳኑ «ነፍሱን ይማር» እያለ መለሰለት፤ እሱ በሕይወት ካሉ ሰዎች ጋር የሚነጋገር መስሎት ሰላም ይላል፣ እኛ ሙታንን እየተቀበልን እናሳርፋለን። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ መጣ። «ሰጠኝንም ሰላም በሉልኝ። የሰው ራዲዮ ፈቶ መግጠም አሁንም ያቅተው እንደሆነ ጠይቁልኝ» አለ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ተረስቶ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያ የተጎተተ ድምፅ፣ ክቡር ሆይ፣ ልክ የእኔን ዕድሜ ያክል ነበር። ቢኖር ኖሮ ዛሬ እንዲያ ባለ ድምፅ ነበር የሚቀልድብኝ።

ቀጥሎ «እናቴ» አለ። «እናቴ» ካለ በኋላ ድምፁ ተጨማደደ፣ እንደሚሰምጥ ሰው ተንገዋለለ፣ ጠፋ።

የሆነውን ኋላ ከብሌን አጣርቻለሁ። እናቱ ዘወትር ካሴቷን የሚያቆሟት እዚያች ሰላምታ ላይ ስለነበር፣ ቆርቆሮው ሥር በከረመችበት ወራት የተጋለጠችው የክር ቁራጭ ያችው ነበረች። በሙቀቱ ተጣብቃ ከረመች፤ ያ እድፋም ቴፕ ሲያገኛት በላት፤ ክሯ ሳይበጠስ ቢያልፍም ድምፅ አልቀረባትም። ሌላው ሰላምታ ሁሉ ደህና ነው። ዘፈኑም ደህና ነው። የጠፋችው የእናት ብቻ ናት። እንዲጠነጠኑ ከለመንኩዎ ካሴቶች አንዷ ይህች ነበረች።

ሰው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም የተማርሁት ሁሉ የማይጠቅመኝ ሰው ሆኜ ሽቦዬን አያለሁ። በዚያ መካከል እማማ አሰበች እንደተቀመጡ፣ ሳያለቅሱ፣ ማንንም ሳያዩ፣ በገዛ ድምፃቸው ቀጠሉለት፦

«እናቴ፣ ስለ እኔ አታስቢ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱ የሰው ነው እንጂ የምበላው አላጣሁም። የዚሩን ውኃ ለመንገደኛ ሁሉ አታስጨርሺ፤ ለእኔም አስቀሪልኝ። ጥም ይዤ ነው የምመጣ።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲጨርሱ ዘፈኑ ከመሃሉ ገባ። አንዲት ቃል አላሳጠሩም፣ አንዲት ቃል አላስረዘሙም፤ የተጎተተውን ድምፅ እንኳ ጠብቀውታል፤ ልኩን ያውቁታልና። ከዚያ በኋላ የተለቀሰውን ለቅሶ አልጽፍልዎም። ይህንን ሰላምታ የቀዳው የለም። ስልኬ በእጄ ነበር፤ አልቀዳሁም።

በነጋታው ቤቴ ገብቼ፣ ከኢንተርኔት በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም የቅጂውን ፍጥነት አስተካከልሁ፤ የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ማዕከልዎም ቢያስብበት ይችለው ነበር። ውባንተ ወደ ልጅነቱ ተመለሰ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሊስቅ የደረሰ ድምፅ ሆነ። ስሕተት ስላየሁ ማረም ነበረብኝ፤ በሕይወቴ ሌላ ነገር አላውቅም። ኮኪት ወስጄ አሰማኋቸው። እማማ አሰበች እስከ መጨረሻው አደመጡ። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና «ይኼ እኮ ጥሎኝ የሄደው ነው። ይኼን አውቀዋለሁ። የትናንቱን ስጠኝ» አሉኝ።

የትናንቱን ሰጠኋቸው። ፍጥነቱ የተሳሳተውን፣ ሹሹታ የሞላበትን፣ እኔ ተማሪ ቢያቀርብልኝ ዜሮ የምሰጠውን ቅጂ ይኸው ዛሬም በስልካቸው ያዳምጡታል። ስለዚህ መሣሪያዎ ለዋጋው የሚመጥን ምንም ሥራ አልሠራም ብዬ ደፍሬ መናገር አልችልም። የረገበ የጎማ ቀበቶዎ አንድ ልጅ አስረጅቶ ለእናቱ መልሷል። መቀየሪያው የቀበቶውን ስሕተት ሳያዛንፍ መዝግቧል። የዑበይዳዋም ብትሆን ሳታዛንፍ ትመዘግበው ነበር፤ ግን ይህን ደግሜ አልነግርዎም።

አሁን ወደ ልመናዬ። ካሴቷን ይመልሱልን። ብሌን በጠየቀችልን ጊዜ «ማዕከሉ የተረከበው ሁሉ ቅርስ ስለሆነ አይመለስም» የሚል ቃል ከእርስዎ ዘንድ መጥቷል። ለቅርስ ስላለዎት ጥብቅ አቋም አክብሮቴ የላቀ ነው፤ አቋሙ ግን ከመጋቢት በፊት ቢመጣ ኖሮ የበለጠ በተከበረ ነበር። ክሩ የተበላ፣ ልባሱ በሙቀት የተጣመመ ካሴት ለማዕከልዎ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም። እኛ ግን እንፈልጋታለን። ቄሱን ጠይቀናል፤ ፍትሐቱ ለስሙ ተደርሷል፣ ካሴት ፍትሐት አያሻውም ብለውናል፤ ከአባቱ መቃብር ሥር ብናኖራት ግን አልከለከሉንም። የውባንተ አካል ከድንበር ማዶ፣ ጦርነት ባለበት አገር፣ ምልክት በሌለው አፈር ውስጥ ነው። ከእሱ በዚህ በኩል የቀረችው ያቺ ካሴት ብቻ ናት፤ የምንቀብረው ሌላ ነገር የለንም።

ይህን ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ካለዎት ጊዜ ላይ በመቀነሴ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ መሣሪያዎ በብርዱ ውስጥ ዕድሜ እንዲጠግብ፣ ቁልፉ እንዳይጠፋ፣ እርስዎም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በሰላም እንዲሸጋገሩ እየተመኘሁ፣ ለሕዝብ ድምፅ ስለሚያደርጉት ጥበቃ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የሰው ራዲዮ ፈቶ መግጠም አሁንም የሚያቅተው፣

ሰጠኝ ሸዋዓለም
የፊዚክስ መምህር

ግልባጭ፦
ለዑበይዳ ሱቅ መስታወት
ለወይዘሪት ብሌን፣ ከሰላምታ ጋር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ካሴቷን ለመመለስ ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤና የበላይ አካል ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደሆነ እንታገሣለን፤ መታገሥ ለምደናል። እስከዚያው ድረስ ግን ካሴቷን ከቆርቆሮው ሥር አውጥተው ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ያስገቡልን። ቦታ ከጠበበ መሣሪያውን ለጥቂት ቀን ወደ ኮንቴይነሩ ቢያወጡት ምንም አይደለም፤ እሱን ውኃ አስቀምጣ የምትጠብቅ እናት የለችውም።